ከመሥሪያ ቤት የወጣው ጥለት

ልጆቹ አላስቀምጥ አሉኝ። የልጄን ልጆች ማለቴ ነው። ሦስቱም ከሥራ መልስ ስልክና ኮምፒዩተር ላይ ተደፍተው አንድ የሚያተርፍ ነገር እንሠራለን ይላሉ፤ ስሙ አፕ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ አንዷ ታርማለች፣ ሦስተኛው የእኔን ሻይ ይጠጣል። ባለፈው እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ፣ በዚህ ከተማ በትርፍ ሰዓቱ ፕሮግራም ሠርቶ ያተረፈ ሰው የለም እያሉ ሲተክዙ ሰማሁና «እኔ አለሁ» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ተያዩ፤ ቀጥሎ ንገሪን ብለው ከበቡኝ። ነገርኳቸው። አሁን ደግሞ ጻፊው አሉ።

እኔ የትምህርት ቤት ወንበር አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ልጅ እያጠባሁ ነው። ስለዚህ ስጽፍ ከመንገድ ከወጣሁባችሁ፣ ልጁ አልቅሶባት ነው ብላችሁ እለፉኝ።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው፤ ወደ መጨረሻው ገደማ። ቤታችን ያኔም አሁንም ሲቀላ ነው፤ የአርባ ምንጭ የታችኛው ሰፈር፣ ለመጣላት አቅም ስለማይተው ሙቀቱ ራሱ ጎረቤት የሚያስታርቅበት። ባለቤቴ ሻንቆ የኦቾሎ ሰው ነው፤ ከአባያ በላይ ገደሉ አናት ላይ ካለው አገር። ሸማኔ ነው። የሚያውቀው ጥለት ግን ሦስት ብቻ ነበር። አንዱን አባቱ አስተማረው፣ ሁለተኛውን አጎቱ፤ ሦስተኛው ሁለተኛውን ሲሠራ ተሳስቶ ያገኘው ነው።

የሲቀላ ሴቶች ሦስቱንም ለብሰው ጨረሱ። ከአዲስ አበባ የሚያብረቀርቅ ጥለት እየመጣ የሻንቆን ነጠላ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ያልተሸጠው ሣጥን ሞላ። ሣጥኑ ሲሞላ ፍራሽ ሥር አነጠፍነው። ፍራሹ ከፍ እያለ ሄዶ እኔ ወደ ጣሪያው እየቀረብኩ መተኛት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ሻንቆ ካፖርት ይዞ መጣ። በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ካፖርት። የጥጥ እርሻው ዘበኛ ሊያደርገው ነው፤ ልብሱን አስቀድመው ሰጥተውታል። ምስማር ላይ ሰቀለውና፣ የሸማ ዕቃውን የሚገዛ ሰው ቅዳሜ ከካምባ ይመጣል አለኝ። እሱ ሲከፋው ቃል ይቆጥባል።

ሻንቆ ማለት በግ ሲመጣ መንገድ የሚለቅ ሰው ነው። ሌባ ቢመጣበት ወንበር ያቀርብለታል። የሸማ ዕቃው ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ነው። ሃያ ዓመት ድምፁን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ድንች የምቀቅለው እንኳን ምቱን ቆጥሬ ነበር። ያ ዕቃ ከቤት ከወጣ ሻንቆ ምን እንደሚሆን፣ እኔ ምን እንደምሆን፣ ድንቹም ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ተከራያችን ይግባ። ይበልጣል ይባላል፤ የጎንደር ሰው ነው። ትምህርቱን ጨርሶ መንግሥት ወደኛ መድቦት፣ በከተማው የላይኛው ሰፈር፣ ሸቻ፣ አንድ የጥጥ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይሠራል። ያ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር መጥቶለታል፤ በከተማው ያለው እሱ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ክፍል ሰጥተውታል። ሰዉ በላብ ሲዋኝ ለማሽኑ ቬንትሌተር ተገዝቶለታል። የይበልጣል ሥራ ስንት ኩንታል ጥጥ ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለውን ለማሽኑ መንገር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሌላው ሰው ሲበላ እሱ ከማሽኑ ጋር ይጫወታል፤ በኤክስና በነጥብ አበባ፣ ኮከብ፣ ደረጃ የሚመስል ነገር እንዲያትም የራሱን ፕሮግራም ሠርቶለታል። ለማንም አይጠቅምም፤ ደስ ስለሚለው ነው።

ፕሮግራም ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት። በተራ በተራ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው አለኝ፤ ማሽኑ የታዘዘውን ብቻ ያደርጋል፣ ያልታዘዘውን አያስብም። ወዲያው ገባኝ። እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ አማቴ ቤት እንደዚያ ነበርኩ። ጨው ጨምሪ አሉኝ፣ ጨመርኩ። በቃ ስላላሉኝ መጨመሬን ቀጠልኩ። ያን ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ምንጭ ወርዶ ውኃ ጠጣ።

ይበልጣል የተበላሸውን ወረቀት ወደ ቤት ያመጣል። ረጅም ነው፣ እንደ ማራገቢያ የተጣጠፈ፣ ዳርና ዳሩ የተበሳሳ። አንዱን ፍየሌ በላችው። የቀረውን በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ አቧራ ይከለክላል፣ ቤትም ያሳምራል። ሻንቆ ሸማ የሚሠራው ፊቱን ወደዚያው ግድግዳ አዙሮ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድንቼ ጥሬውን ቀረ። ደንግጬ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ ምቱ ተቀይሯል። ሄጄ ሳየው ሻንቆ እጁን አቁሞ ግድግዳው ላይ አፍጥጧል። ምን ታያለህ አልኩት።

«ዝም በይ፣ የአልማዝ እናት። እየቆጠርኩ ነው።»

ኤክስ ባለበት ክር ያነሳል፣ ነጥብ ባለበት ይተዋል። ማንም አልነገረው። ለሸማኔ ዓይን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያ ወረቀት በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የተጻፈ ጥለት ነው። ማታ ይበልጣል ሲገባ የራሱን ጨዋታ ነጠላ ላይ ተሠርቶ አየና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ወይ አልገባ፣ ወይ አልወጣ። ዝንብ ገባብን።

በማግስቱ ነጠላዋን ለብሼ ገበያ ወጣሁ። ለመሸጥ እንኳን አልነበረም፤ ቲማቲም ፈልጌ ነው። ከትከሻዬ ላይ ገዝተውኝ ትከሻዬን ባዶ ይዤ ገባሁ። ቲማቲሙንም ረሳሁ። ቅዳሜ የካምባው ሰውዬ የሸማ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ሻንቆ እግሩን ከከተተበት የሸማ ጉድጓድ ሳይወጣ ለሚቀጥለው ወር ተመለስ አለው። ካፖርቱ ግን ምስማሩ ላይ ቀረ፤ የእርሻው ሰዎች ቦታውን እንጠብቅልሃለን ብለዋል። ሻንቆ ክር ሲቀይር ቀና ብሎ ያየዋል፣ ካፖርቱም ሻንቆን ያየዋል።

እኔ ግን ነጋዴ ሆኛለሁ። አንድ ሸማኔ በአንድ ወረቀት እንዲህ ከሆነ፣ ኦቾሎ ሙሉ ሸማኔ አይደለም እንዴ? ይበልጣልን አስቀምጬ ተጨማሪ ወረቀት እንዲያመጣ ነገርኩት። ከበቆሎና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን ኩርኩፋ በቅቤ አቀረብኩለት፤ ቅቤውን ሁለት ጊዜ አፈሰስኩ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ተጫወት» አልኩት።

ወረቀቱን ጠቅልዬ የኦቾሎን አቀበት ወጣሁ። ያኔ ጉልበቴ ጉልበት ነበር፤ አሁን ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ሸማኔዎቹ ተሰብስበው አዩት። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ዘቅዝቀው፣ አሽትተው፣ ይህን የሠራው ማሽን ዕድሜው ስንት ነው አሉ። ሁለት ዓመት አልኩ። ማን አስተማረው አሉ። የጎንደር ልጅ አልኩ። ከመቼ ወዲህ ነው የጎንደር ልጅ ለኦቾሎ ሸማ የሚያስተምረው ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። ሳቁን ሲጨርሱ ግን ሦስት ወረቀት የወሰዱት እሳቸው ናቸው።

ክፍያው እንደ ሰዉ ነው። አንዱ ፈትል ሰጠኝ፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ሙዝ ከነዘለላው። ከኦቾሎ ስወርድ ዶሮዋ ብብቴ ውስጥ፣ ሙዙ ራሴ ላይ፣ ሳቄ አፌ ላይ ነበር። መንገድ ላይ ጦጣዎች ሙዙን ቀነሱልኝ። ምንም አልመሰለኝም፤ ሀብታም ሰው ለጦጣ አይጨነቅም።

ደግሞ በሳምንቱ ጉድ ፈላ። ለካስ ለስድስት ሰው አንድ ዓይነት ጥለት ነው የሰጠሁት። ስድስቱም በአንድ ቀን ሲቀላ ገበያ ወርደው፣ ጎን ለጎን ቆመው፣ ስድስቱም «ይህ ጥለት የእኔ ብቻ ነው» እያሉ ይምላሉ። ኦቾሎ ላይ የሰው ጥለት መውሰድ ማለት የሰው አልጋ ላይ መተኛት ነው። ዱላ ሳይነሳ ነገሩን ያበረድኩት ስድስቱንም ምሳ አብልቼ፣ ለእያንዳንዳቸው የብቻቸውን አመጣለሁ ብዬ ነው። እየፈራሁ ለይበልጣል ነገርኩት። እሱ ሳቀ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ቁጥር ብቻ ከቀየረ ጥለቱ ሌላ ይሆናል፤ ቁጥር ደግሞ አያልቅም አለኝ። ያን ጊዜ ነው ሀብታም መሆኔን በትክክል ያመንኩት። ቁጥር እንደማያልቅ መሠረተ ትምህርትም ላይ ነግረውን ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን አልነገሩንም።

ጣሪያችን ቆርቆሮ ለበሰ። ፍራሻችን ወደ ቦታው ወረደ። ሻንቆ ሲሠራ ማዜም ጀመረ፤ ድምፁ አያምርም፣ ግን ማን ይናገረዋል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ይበልጣል ወረቀቱን ለእኔ ከመስጠቱ በፊት የላይኛውን ጫፍ በማስመሪያ ቀድዶ ይጥለዋል። ለውበት ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን የካምባ ነጋዴ በጭነት መኪና መጥቶ፣ ለአገሩ ሸማኔዎች የሚሆን ብዙ ወረቀት አሁኑኑ ካልሰጠሽኝ ሾፌሩ አይጠብቀኝም አለኝ። ይበልጣል መሥሪያ ቤት ነው። ክፍሉ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እንዳለ አንስቼ ሰጠሁት፤ ጫፉ አልተቀደደም። መኪናው ሲነሳ ደግሞ እየሮጥኩ፣ ማሽን አይሳሳትምና ከላይ እስከ ታች አንዲት ኤክስ እንዳትዘሉ በላቸው አልኩት። የአማቴን ጨው ማስታወስ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው።

የካምባ ሸማኔ የተባለውን አደረገ። ከላይ እስከ ታች። ከአንድ ወር በኋላ ነጠላዎቹ አርባ ምንጭ ሲደርሱ ጫፋቸው ላይ ከዚያ በፊት ያልታየ ጥለት አለ፤ በር የሚመስል፣ መሰላል የሚመስል፣ ግማሽ ክብ፣ ቀጥ ያለ ምሰሶ። ከተማው አበደ። ሴቶቹ «መሰላል» ብለው ስም አወጡለት። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቿ፣ የሙሽራው እናት፣ ሁሉም መሰላል። እኔም አንድ ገዛሁ፤ የራሴን ዕቃ ከፍዬ።

የይበልጣል አለቃ ሚስትም ገዝታ ኖሯል። የአለቃውን ስም አልጽፍም፤ ልጆቻቸው እዚሁ ከተማ አሉ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች በሚሸኙበት ቀን ሚስታቸው ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ እሳቸው ከኋላ። ዓይናቸው ጀርባዋ ላይ አረፈ። ያ መሰላል የፈረንጅ ፊደል ነው። ከሩቅ እንዲታይ ብለው በትልልቁ፣ በኤክስ ተሠርቶ በየወረቀቱ አናት ላይ እንዲታተም ያዘዙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ትርጉሙም «ከዚህ መሥሪያ ቤት እንዳይወጣ» ነው።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ሰኞ ጠዋት፣ ይበልጣልን ሊጠራ ከመጣው ተላላኪ ነው። ይበልጣል ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ጊዜ የመንግሥት ወረቀት አውጥቶ መነገድ አሻጥር ይባላል፤ አሻጥር የተባለ ሰው ደግሞ ቶሎ ቤቱ አይገባም። ተላላኪውን ተከትሎ ወጣ። ሻንቆ ከጉድጓዱ ወጥቶ ካፖርቱን ከምስማሩ አወረደና አራግፎ፣ ልክ ይሆነው እንደሆነ ለካው። ሲጠበው አየሁ። መልሶ ሰቀለው። የሰው ልጅ አሳስሬ፣ የሸማ ዕቃውንም አስወጥቼ ላርፍ ነው። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ወደ ሸቻ ሮጥኩ።

የትኛውን ነጠላ እንደለበስኩ ያወቅኩት እዚያ ስደርስ ነው። በር ላይ የተቀመጠችው ታይፒስት፣ ብርሃኔ የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ትከሻዬን አይታ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሳልጠራ ገባሁ። አለቃው ከጠረጴዛቸው ኋላ፣ ይበልጣል ከፊታቸው ቆሟል። እኔ በችኮላ አማርኛዬ ወንዱንም ሴቱንም እየደባለቅኩ፣ ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አያውቅም፣ ከላይ እስከ ታች ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። አለቃው አልሰሙኝም። ትከሻዬን ነው የሚያዩት።

«ይሄ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ጥለት ነው፣ ጌታዬ።»

«ከዚህ መሥሪያ ቤት እንዳይወጣ ነው የሚለው።»

አንገቴን አዙሬ አየሁት። እውነትም መሰላል አይመስልም።

«እንግዲያው መልሼ አምጥቼዋለሁ» አልኳቸው።

ብልጠት አልነበረም። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። አለቃው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ቆየ። መልሰው ሲዞሩ ዓይናቸው እርጥብ ነበር፣ ፊታቸው ግን የአለቃ ነው። ስንት ሰው ለብሶታል አሉኝ። ከካምባ ጀምሬ እስከ ሙሽራዋ ድረስ ቆጠርኩላቸው፤ ባለቤታቸው ላይ ስደርስ በቃ አሉኝ። እንግዲህ ምን ያድርጉ? ሴቱን ሁሉ ገበያ ላይ ሊያስወልቁ ነው? መጀመሪያ ከራሳቸው ቤት መጀመር ሊኖርባቸው ነው። ውጪ አሉኝ፤ ይበልጣልን አስቀሩት።

በር ላይ ቆሜ ጸለይኩ። ይበልጣል ከቆይታ በኋላ ወጣ፤ በእግሩ፣ በራሱ፣ ያለ ፖሊስ። ምን አሉህ አልኩት። ጫማውን እያየ፣ ለወደፊቱ የራሳችሁን ወረቀት ግዙ ብቻ ነው ያሉት አለኝ። እኔ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ። ብርሃኔም እልል አለች፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ እልልታ ግን ሲጀመር ዝም አይባልም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ይበልጥ አማረ። ወረቀቱ አጭር ሆነ፣ ዳሩም አልተበሳሳም፤ አዲስ ዓይነት ወረቀት ነው አለኝ ይበልጣል። በሳምንት አንድ ጥለት ነው፤ ማሽኑም ማረፍ አለበት አለ። ልክ ነው፣ እኔም አርፋለሁ። አንዳንዴ መሐል ላይ አንዲት ኤክስ ትጎድላለች፤ ሻንቆ እሷን ሲያይ ይስቃል፣ ማሽኑ እንደ እኔ መሳሳት ለመደ ይላል፣ ያችን ጉድለት ደግሞ ሰዉ ከሁሉ አብልጦ ወደዳት። እኔም በየገበያው፣ ማሽኑ ዕድሜው ሲጨምር በሰለ እያልኩ አወራሁ። የይበልጣልን ሸሚዝ ሳጥብ እጅጌው ሁልጊዜ ቀለም ነው፣ ጣቶቹም ጥቁር ናቸው፤ ኮምፒዩተር እንዲህ ያቆሽሻል እንዴ እለው ነበር። በጣም ያቆሽሻል ይለኛል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሁለተኛ የሸማ ዕቃ ገባ፤ አንዱ ለሻንቆ፣ አንዱ ለወንድሙ ልጅ። የእርሻው ሰዎች ሌላ ዘበኛ ቀጠሩ፤ ካፖርቱንም መልሱ አላሉንም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ይበልጣልም አገሩ ገባ። የመጨረሻዋን ጥለት ሰጥቶኝ፣ እትዬ ጨዋታው አለቀ ብሎኝ ሄደ። ሻንቆ እስኪያርፍ ድረስ ከዚያ ጉድጓድ አልወጣም። ልጆቼ የተማሩት በዚያ ምት ነው።

ብርሃኔን ያገኘኋት ከሦስት ዓመት በፊት፣ የታመመች የጸሎት ቤት እህት ልንጠይቅ ሄደን ነው። ፀጉሯ ሸብቷል፤ መሰላል ያለበትን ነጠላ ለብሳለች፤ እስካሁን። ስለዚያ ጊዜ ስናወራ ያንን ማሽን እያመሰገንኩ ሳለ፣ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ አስቆመችኝ።

ለካስ አለቃው ያን ሰኞ ኮምፒዩተሩን በቁልፍ ዘግተውበታል፤ ይበልጣል ሁለተኛ ነክቶት አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ በብርሃኔ የጽሕፈት መኪና ላይ ተቀምጦ ጥለቱን ከራሱ እያሰበ፣ ኤክሱን አንድ በአንድ እየመታ ነው የሠራልኝ። ለዝምታዋ አንድ ነጠላ ሰጥቷታል። ከዚያች መኪና ፊደል ሁሉ ኤክስ ብቻ ተበልታ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተልካ ተበይዳለች፤ በእንግሊዝኛ ብዙም ለማትጠቅም ፊደል ይህ ለምን እንደደረሰባት ለማንም አልገባም። ብርሃኔ አዝናለት፣ አሁንስ ተው፣ እረፍ ስትለው፣ «ካፖርቱ ገና ምስማሩ ላይ ነው» ይላት ነበር አለችኝ።

ካፖርቱን እኔ ሳላወርደው የቀረሁት፣ ዶሮዬ ከሥሩ መታቀፍ ስለለመደች ነበር።